ስለ ወንድምዎ የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ (ባጭሩ)፦ «ለአሥራ አራት ዓመታት በቤተ ክርስቲያን አገልግያለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ፣ የጸሎት ቡድንም እመራለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ግብዝነት ሲሰበክ እየሰማሁ ሳለ፣ በዓይነ ኅሊናዬ ሲመላለሱ የነበሩት ሁሉ የሌሎች ሰዎች ፊቶች እንደነበሩና የእኔ ፊት አንድ ጊዜም እንዳልመጣ ሳስተውል ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስጸልይ አለቅሳለሁ፤ እንባዬን ግን አላምነውም። የእናታችንን ገንዘብ የያዝኩት እኔ ስለነበርኩና እስክታርፍ ያስታመምኳትም እኔ ስለሆንኩ ለታናሽ ወንድሜ የነበረውን ሁሉ አልነገርኩትም፣ አሥራቱን ግን በትክክል አውጥቻለሁ፣ ይህ ያለፈ ነገር ነው። እምነቴ እውነተኛ ይሁን ወይስ ራሴን ሳታልል ኖሬ እንደሆነ በምን ላውቅ እችላለሁ?»

ውድ እኅቴ፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የእንባዎ ነገርና ያን ቀን የያዘዎት ድንጋጤ ልቤን ስለነካው፣ ለማጽናናት የሚሆኑ ቃላት ማውጠንጠን ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ንባብ ግን አንድ ነገር አስቆመኝ። ከአምስት ገጽ ውስጥ ሁለቱ ስለ ጸሎትዎ፣ አንድ ገጽ ተኩሉ ስለ ስሜትዎ መቀዝቀዝ፣ የቀረው ስለ አገልግሎትዎ ሲሆን፣ ወንድምዎ የተነሣው በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር በምክንያት ይጀምርና «ያለፈ ነገር ነው» በሚል መዝጊያ ይቆለፋል። ሦስተኛ ጊዜ ያነበብኩት ያንኑ ብቻ ነው፤ የምመልስልዎትም ከእርሱ ተነሥቼ ነው።

ልወቅስዎት የፈለግሁ እንዳይመስልዎት። ያን ዓረፍተ ነገር ማንም ሳይጠይቅዎት የጻፉት እርስዎ ነዎት። ቢተዉት ኖሮ እኔ ምንም አላውቅም ነበር፤ ደብዳቤውም ስለ መንፈሳዊ ድርቀት የተጻፈ የተለመደ ደብዳቤ መስሎኝ ያልፍ ነበር። እጅዎ እንዲጽፈው ያደረገውን ነገር አከብረዋለሁ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

በቅድሚያ ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የምንለው ስለ ግብዝ ነው፤ ግብዝ እውነቱን በሆዱ ይዞ ሌላውን ሰው ይሸነግላል። ራሱን የሚያታልል ሰው ግን ሆዱም እንዳያውቅ አድርጎ ነው የሚሸሽገው፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ የሚነበብ ሐሰት የለበትም፣ ሲዘምርም ከልቡ ነው፣ ሲያለቅስም ከልቡ ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ውሸት በመፍጠር አይደለም። እውነት የሆኑ ነገሮችን በአንድ ሌላ እውነት ፊት ይደረድራል። እናትዎን ያስታመሙት እርስዎ መሆንዎ እውነት ነው። አሥራት ማውጣትዎም እውነት ነው። ሁለቱም እውነቶች ግን በአንድ ሦስተኛ እውነት ፊት እንደ መጋረጃ ቆመዋል፤ እርሱም ወንድምዎ የሚገባውን ያህል ሳያገኝ፣ አለማግኘቱንም ሳያውቅ መኖሩ ነው።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ላይ ያለው የንጉሥ ሳኦል ታሪክ ለዚህ ነገር ከማውቀው ሁሉ የቀረበ ሥዕል ነው። ሳኦል ከአማሌቃውያን ከብት አንዳች እንዳያስቀር ታዝዞ ዘመተ፤ ከበጎቹና ከበሬዎቹ ግን የተሻሉትን አስቀረ፤ ከዚያም በቀርሜሎስ ለራሱ የመታሰቢያ ሐውልት አቆመ። ሳሙኤል ሲመጣ ሳኦል አልተደበቀም፣ ሊሸሽም አልሞከረም፤ እንዲያውም ቀድሞ በበረከት ቃል ተቀበለውና የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ አለው። ይህን ቃል ባነበብኩ ቁጥር ሳኦል የዋሸ አይመስለኝም፤ ያመነበትን የተናገረ ይመስለኛል። ሳሙኤል ግን ታዲያ ይህ በጆሮዬ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው ሲል ጠየቀው። መንጋው በአጠገባቸው እየጮኸ ነው፤ ሳሙኤል ይሰማዋል፤ ከመንጋው ጋር የመጣው ሳኦል አይሰማውም። ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ደግሞ ሕዝቡ ለእግዚአብሔር ሊሠዋ ያስቀረው ነው የሚል ነበር።

እኅቴ ሆይ፣ ከዚያ ገንዘብ ያወጡት አሥራት የሚያስታውሰኝ ይህን መልስ ነው። ያልተነገረውን ገንዘብ የተነገረ፣ ያልተካፈለውን የተካፈለ የሚያስመስለው ከእርሱ ላይ ለእግዚአብሔር የወጣው ድርሻ ነው። አሥራቱ ባይወጣ ኖሮ ኅሊናዎ ምናልባት ቀደም ብሎ በጮኸ ነበር። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ቁርባን ብለው ለእግዚአብሔር በመስጠት ስም ለአባትና ለእናት የሚገባውን የሚያስቀሩትን ሰዎች የገሠጸው በዚሁ ምክንያት ነው። ሃይማኖት የሌለው ሰው ይህ መሸሸጊያ የለውም፤ ለእኛ ለምናምን ሰዎች ግን ራስን ማታለል የሚለብሰው ልብስ አብዛኛውን ጊዜ የተቀደሰ ልብስ ነው።

ስለ ማስተማርዎም አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም በቃሉ አገልግሎት ውስጥ ስለምኖር ነገሩ ያሳስበኛል። ነቢዩ ናታን የድኻውን ሰው በግ ነጥቆ ስላረደው ባለጠጋ ለዳዊት ሲነግረው፣ ዳዊት እጅግ ተቆጥቶ ያ ሰው ስለ በጊቱ አራት እጥፍ እንዲመልስ ፈረደ። አራት እጥፍ ያለው በዘፈቀደ አይደለም፤ በኦሪት ዘጸአት ስለ ተሰረቀና ስለ ታረደ በግ የተጻፈው ቅጣት ይኸው ነው። ዳዊት ኦርዮንን አስገድሎ፣ ሚስቱን አግብቶ፣ ልጅም ወልዶ ሳለ ሕጉን ከነቍጥሩ ያስታውሳል፤ ቍጣውም የጽድቅ ቍጣ ነው። የቃሉ እውቀት ራስን ከማታለል ይጠብቃል ብለን እናስባለን፤ አንዳንድ ጊዜ ግን በሌላው ላይ ለመፍረድ የሰላ ሆኖ ወደ ራስ ሲመለስ ይደንዛል። ስብከቱን በሰሙበት ቀን በዓይነ ኅሊናዎ የተመላለሱት ፊቶች የዚህ ምልክት ነበሩ። እርስዎም ያንኑ አስተውለው ነው የደነገጡት።

ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ397 ገደማ መጻፍ በጀመረው «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ፣ ራሱን ላለማየት ሲል ራሱን ከጀርባው አኑሮ እንደነበረና እግዚአብሔር ከዚያ አውጥቶ በገዛ ፊቱ ፊት እንዳቆመው ይናገራል። ከዚህ የተሻለ አባባል እኔ አላውቅም። በጀርባ የተቀመጠ ነገር አልጠፋም፤ ተሸክመነው እንሄዳለን፤ ፊታችንን ወደ መሠዊያው ባዞርን መጠንም ከዓይናችን ይሰወራል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እምነቴ እውነተኛ መሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ ብለዋል። ብዙ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ «መጨነቅሽ ራሱ እምነትሽ እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ለሚናገረው ሰው ቀላል፣ ለሚሰማውም ደስ የሚል መልስ ነው፤ እኔ ግን ለእርስዎ አልሰጥዎትም። ጭንቀት እንደ እንባ ሁሉ መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ሰው ስለ እምነቱ እየተጨነቀ፣ ስለ ጭንቀቱም እየጸለየ፣ መታየት የነበረበትን አንድ ነገር ሳያይ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። አምስት ገጽ ስለ ነፍስዎ ሁኔታ ሲጽፉ ወንድምዎ ሦስት መስመር የደረሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ከራሴ ስለማውቀው ነው። ለብዙ ዓመታት የጸሎት ደብተር ነበረኝ። አንድ ቀን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሳነበው፣ በየገጹ ማለት ይቻላል «ኃጢአተኛ ነኝ፣ ማረኝ» የሚል ቃል አገኘሁ፤ ኃጢአቱ ምን እንደሆነ፣ በማን ላይ እንደተሠራ፣ መቼ እንደሆነ የሚናገር መስመር ግን ፈልጌ አጣሁ። በዚያው ጊዜ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሜ ነበር፤ ስሙን በሐሰት አንሥቼ ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነበር። ደብተሩ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እርሱም «ልቡን አለስልስለት» ከሚል ልመና ጋር። በጅምላ መናዘዝ ምን ያህል ምቹ መሸሸጊያ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ፤ ሰው ኃጢአተኛ ነኝ ለማለት አይከብደውም፣ ይህን በዚህ ሰው ላይ አድርጌአለሁ ማለት ነው የሚከብደው።

ያዕቆብ በመልእክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ቃሉን ሰምተው የማያደርጉትን ሰዎች ራሳቸውን የሚያስቱ ይላቸውና፣ ፊቱን በመስተዋት አይቶ ወዲያው ምን እንደሚመስል ከሚረሳ ሰው ጋር ያመሳስላቸዋል። ሰውየው አላየም አይልም፤ አይቷል። ነገር ግን ካየው ነገር ጋር ምንም ሳያደርግ ሄዷል። ስለዚህ የእምነትን እውነተኛነት የሚያሳየው የማየቱ ጥልቀት ወይም ሲያዩ የሚሰማው ስሜት ሳይሆን፣ ካዩ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 በእምነት ብትኖሩ ራሳችሁን መርምሩ ብሎ ያዘዘ ራሱ፣ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ በራሴ ላይ ምንም አላውቅም፣ በዚህ ግን አልጸደቅሁም፣ የሚፈርድብኝ ጌታ ነው ይላል። ምርመራው ግዴታ ነው፤ የመጨረሻውን ፍርድ ግን መርማሪው አይሰጥም።

«እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ» የሚለው ጥያቄዎ ራሱ ጠባብ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሰው አለ። ኋላ ቄስና የመዝሙር ደራሲ የሆነው እንግሊዛዊው ጆን ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1748 በባሕር ላይ በማዕበል ተይዞ ሳለ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ያን ቀንም ዕድሜውን ሙሉ አሰበው። ከዚያ በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1750 እስከ 1754 ድረስ፣ በካፒቴንነት አፍሪካውያንን በባርነት የሚያጓጉዙ መርከቦችን ይመራ ነበር። ከላይ በመርከቡ ወለል ላይ ለመርከበኞቹ እሑድ ጸሎት ይመራል፤ ከሥር በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1764 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩም፣ በዚያ ንግድ በነበረበት ዘመን የሥራው ትክክለኛነት ጥቂት እንኳ አጠራጥሮት እንደማያውቅ ጽፏል። የተወውም በሕመም ምክንያት እንጂ ኅሊናው ከልክሎት አልነበረም። በንግዱ ላይ በግልጽ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው፤ መርከቡን ከተወ ከሠላሳ አራት ዓመታት በኋላ። በዚያ ጽሑፉ ያየውን ብቻ ሳይሆን እርሱ ራሱ የሥራው መሣሪያ እንደነበረ ተናገረ፤ ኑዛዜው የዘገየ መሆኑንም አልሸሸገም።

የኒውተን የ1748 ጸሎት ሐሰት ነበር? እኔ ሐሰት ነበር ለማለት አልደፍርም። እርሱ ራሱ ኋላ ላይ፣ በዚያን ጊዜ በሙሉ ትርጉሙ አማኝ ነበርኩ ለማለት እንደማይችል ተናግሯል። ነገር ግን በመርከቡ ሥር ለነበሩት ሰዎች የእርሱ ጸሎት ከልብ መሆኑ ምን ጠቀማቸው? ይህን ጥያቄ ማለፍ አልችልም። ራሳችንን ስናታልል የምንጎዳው ራሳችንን ብቻ አድርገን እናስባለን፤ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዋጋውን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጸሎታችን ውስጥ ስሙ የማይጠራው ነው። ሆኖም ብርሃኑ ወደዚያ ክፍል በደረሰ ጊዜ ኒውተን በሩን ከፈተ፤ ስሙ በገነነበት በሽምግልናው ዘመን በገዛ ራሱ ላይ መሰከረ። የነበረው እምነት ምን ዓይነት እንደሆነ ከማዕበሉ ቀን ይልቅ ይህ ይነግረኛል። እርስዎ ግን ሠላሳ አራት ዓመት አይጠብቁ።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ላንሣ፤ ይህን ዓምድ የሚያነብቡ ሁሉ እንደ እርስዎ ያሉ አይደሉምና። የበደሉት የተለየ ነገር ሳይኖር፣ ወይም የበደሉትን ተናዘውና መልሰው ሳለ፣ ልባቸው ቀንና ሌሊት የሚከስሳቸው ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1505 ገዳም የገባው ማርቲን ሉተር የንስሐ አባቱን እስኪያደክም ድረስ ለሰዓታት ይናዘዝ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ገና ቆፍሩ፣ ገና መርምሩ ብሎ መምከር ጭካኔ ነው። ለእነርሱ የተጻፈው በአንደኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 3 ላይ ያለው፣ ልባችን ቢፈርድብን እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው የሚለው ቃል ነው። ከእነርሱ አንዱ ይህን ደብዳቤ ቢያነብ ለእርሱ ያልተጻፈ መሆኑን ይወቅልኝ። የእርስዎን ጉዳይ የሚለየው ስምና ልክ ያለው ነገር መሆኑ ነው፤ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ገንዘቡም ይታወቃል።

እንግዲህ ምን ያድርጉ? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ላይ ልታቀርብ መጥተህ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፣ መባህን በዚያ ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ተብሏል። በጸሎትዎ መካከል የሚያስጨንቅዎትን ድርቀት በጾም ወይም በረዘመ ጸሎት ለማሸነፍ መሞከርዎን ጽፈዋል፤ እኔ ግን ድርቀቱ ይህን «ሂድ» የሚለውን ቃል እያሰማዎት ያለ ይመስለኛል። በኦሪት ዘሌዋውያንም የባልንጀራውን ገንዘብ ያስቀረ ሰው ዋናውን መልሶ አምስተኛ እጅ እንዲጨምርበት፣ የሚመልሰውም ለባለቤቱ እንዲሆን ታዝዟል። መባው የባለቤቱን ድርሻ አይተካም። ዘኬዎስ ደግሞ ማንም ሳያስገድደው በሰው ፊት ቆሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ዳዊት በሌላ ሰው ላይ የፈረደውን ዘኬዎስ በራሱ ላይ ፈረደው።

እናትዎን በማስታመም ያሳለፉት ጊዜና ያወጡት ወጪ ከንቱ ነው አልልም፤ ዋጋ አለው፤ ምናልባት ወንድምዎ ራሱ ከድርሻው ላይ ለእርስዎ የሚገባ ነገር አለ ሊል ይችላል። ግን ይህን መወሰን የሚቻለው ሁለታችሁም የምታውቁት ሒሳብ ሲኖር ነው። እስከ አሁን ዳኛዋም ተከራካሪዋም እርስዎ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉውን ይንገሩት፤ የድካምዎን ነገር በዚያው ቀን አያንሡ። «ይህን ያህል ነበረ፤ ይህን ያህል ነገርኩህ፤ የቀረውን ሸሸግኩ፤ በደልኩህ» ይበሉት። ዓረፍተ ነገሩ «ግን» የሚል ቃል ከያዘ እንደገና ይጀምሩት። ሳኦልም በመጨረሻ በድያለሁ ብሏል፤ ወዲያው ግን በሕዝቡና በሽማግሌዎቹ ፊት አክብረኝ ብሎ ሳሙኤልን ለመነው። ዳዊት በናታን ፊት እግዚአብሔርን በድያለሁ አለና ዝም አለ።

ለነፍስ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ ይንገሩ፤ ሆኖም ለእነርሱ መንገር ለወንድምዎ የመንገርን ቦታ እንዳይወስድብዎት ይጠንቀቁ። በጉባኤ መካከል ቆሞ መመስከርንም ለጊዜው ይተዉት፤ ወንድምዎ የራሱን ጉዳይ ከሌሎች አፍ ሊሰማው አይገባም፤ የእርስዎም ንስሐ ገና ሳይፈጸም በጭብጨባ ሊሸኝ ይችላል። ማስተማሩን ለተወሰነ ጊዜ ቢያቆሙ መልካም ነው ብዬ አምናለሁ። ቅጣት እንዲሆንብዎት አይደለም፤ ለጥቂት ሳምንታት ቃሉን ለሌሎች ምን እንደሚል ሳያስቡ እንዲሰሙት ነው።

ወንድምዎ ላይቀበልዎት ይችላል። ሊቆጣ፣ ስልኩን ሊዘጋ፣ ዓመታት ያህል አታለልሽኝ ብሎ ሊያዝንብዎት ይችላል፤ የማዘን መብት አለው። ይቅር ማለቱ የእርሱ ነው፣ ቀን ሊቆርጡለት አይችሉም። ገንዘቡን መመለስዎ ግን በእርሱ ይቅርታ ላይ አይንጠለጠል። ከነገሩት በኋላ ወዲያው ሰላም ካልተሰማዎትም አይደናገጡ፤ ወደ እርሱ የሚሄዱት ያንን ስሜት ለማግኘት ሳይሆን የእርሱ የሆነውን ለመመለስ ነው።

መጀመሪያ ላይ እመለስበታለሁ ወዳልኩት ነገር ልምጣ። ያን ዓረፍተ ነገር ለምን ጻፉት? ሊደብቁት ከፈለጉ መተው ይቀል ነበር፤ ሊናዘዙት ከፈለጉ ደግሞ እንዲህ አይጠቀለልም ነበር። እኔ እንደማምነው በእርስዎ ውስጥ እንዲታይ የሚፈልግ ነገር አለ፤ ለአሥራ አራት ዓመት በጸለዩ ቁጥር የሰማዎት አምላክ በእጅዎ ላይ ያን ያህል የተወልዎት ይመስለኛል። ስለ እምነትዎ እውነተኛነት አሁን ልነግርዎት የምችለው ይህንን ብቻ ነው፤ ቀሪውን ከእኔ ይልቅ ወንድምዎ ጋር ሲደርሱ ያውቁታል።

የባንኩን የሒሳብ ወረቀት ያውጡና ድምሩን በገዛ እጅዎ በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ወረቀቱን ፊትዎ አስቀምጠው ይደውሉለት። በደብዳቤዎ ውስጥ የወንድምዎን ስም አልጠቀሱልኝም፤ ለእኔ መጻፍ አያስፈልግዎትም፤ ዛሬ ማታ ሲጸልዩ ግን በስሙ ይጥሩት።